ልጅና ጋዜጣ፦ ማመን ወይስ መጠየቅ?

፩

ልጅ ጋዜጣ ሊያነብ ይገባዋል ወይ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። «ያንብብ እንጂ! ማንበብ መቼ ይጠላል?» የሚል ይኖራል። «ኧረ ተዉት ይጫወትበት፤ የዓለምን ጉድ ገና በጠዋቱ ምን አሸከመው?» የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም ወገኖች ግን ሳይመረምሩ የሚያልፉት አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም ልጁና ጋዜጣው ሲተዋወቁ ትውውቃቸው በምን መንገድ ይሁን የሚለው ነው። ልጁ ጋዜጣውን የሚቀበለው እንደ ትእዛዝ ነው? እንደ ተረት ነው? ወይስ እንደ እሱው ያለ ሰው እንደሠራው፣ ሊሳሳትም ሊዋሽም እንደሚችል ሥራ? በእኛ አስተያየት የሞራሉ ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንባቢ እንዳይደናገር፣ ልጅ ስንል ፊደል ከለየበት ጊዜ አንሥቶ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ያለውን ማለታችን ነው። ጋዜጣ ስንልም ወረቀቱን ብቻ ማለታችን አይደለም። በአገራችን «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ በ1890ዎቹ ዓ.ም. ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ የሚታደል ነበር። ዛሬ ወሬው በአብዛኛው የሚገባው በስልክ በኩል ነው። ዕቃው ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ አንድ ሰው ያላየነውን ነገር «እንዲህ ሆኗል፣ እመኑኝ» ይለናል።

እስቲ በመጀመሪያ «ልጅ ለወሬ ገና ነው» የሚለውን አባባል እንይ። ለመሆኑ በእኛ አገር ልጅ ለወሬ እንግዳ ሆኖ ያውቃል? ድሮ ነገሥታቱና መኳንንቱ የሕዝቡን ሆድ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደነበር ሁላችንም ስንሰማ አድገናል። እረኛ ማን ነው? ልጅ ነው። ከብቱን እየጠበቀ የሚያንጎራጉራት ግጥም የአገር ምሥጢር ትይዛለች ተብሎ ትልልቁ ሰው ጆሮውን ይጥል ነበር። ያው ትልቅ ሰው ታዲያ ማታ ማዕድ ላይ የገዛ ልጁ አፉን ሲከፍት «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ ያሳርፈዋል። ሜዳ ላይ ሲዘፍን የሚደመጠው ልጅ ቤት ውስጥ ሲናገር ባለጌ ይባላል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ሌላው ቤተሰብ ማንበብ በማይችልበት ቤት ደብዳቤ አንባቢው ልጅ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ በስንቱ ጎጆ ሞቱም ልደቱም፣ እስሩም ሹመቱም መጀመሪያ ያለፈው በአንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ አንደበት ነው። ግድግዳው በአሮጌ ጋዜጣ በተለጠፈ ቤት ያደገ ልጅ አልጋው ላይ ተጋድሞ ሹም ሽሩን እያነበበ እንቅልፍ ይወስደዋል። ቆሎ የተጠቀለለበትን ቁራጭ ጋዜጣ እስከ ተቀደደበት ድረስ አንብቦ የቀረውን በልቡ ይጨርሰዋል። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ለሚያነቡት ትልልቅ ሰዎች ወረቀቱን ታቅፎ ሲሮጥ ከነበረው መካከልስ ስንቱ ልጅ ነበር!

ስለዚህ ልጁን ከወሬ ጋር እናስተዋውቅ አናስተዋውቅ እያልን ብንከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ትውውቁ ድሮ ተፈጽሟል። የቀረው ጥያቄ ብቻውን ይጋፈጠው ወይስ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ የሚለው ነው።

ፈላስፎቹ በዚህ ነገር ላይ የተናገሩት አለ። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ለልጆች የሚነገረው ተረት ሳይቀር በከተማይቱ ገዢዎች እየተመረመረ እንዲያልፍ ይፈልጋል። ሩሶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው «ኤሚል» ልጁን ከመጽሐፍ ጭምር አርቆ ያቆየውና በመጨረሻ መጀመሪያ እንዲያነብ የሚፈቅድለት «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን ነው። የሁለቱ ፍርሃት ለየቅል ነው። ፕላቶ የሚፈራው ልጁ ክፉ ምሳሌ እንዳይቀዳ ነው። ሩሶ የሚፈራው ልጁ ያልገባውን ቃል እየደገመ ያወቀ እንዳይመስለው ነው። የፕላቶን መድኃኒት አንቀበልም። ዛሬ ተረቱን የሚመረምር ባለሥልጣን ነገ ጋዜጣውን፣ ከነገ ወዲያ ይህችን በስቴንስል የምትባዛ የእኛን መጽሔት መመርመሩ አይቀርምና። የሩሶ ፍርሃት ግን እውነት አለው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ደም ያለበትን ወሬ በተመለከተ ግን ቁርጥ ያለ ነገር መናገር ይገባል። ሰው እንደሚራብና እንደሚገደል ለልጅ መንገር አንድ ነገር ነው፤ ሬሳ ማሳየት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው እውቀት ነው። ሁለተኛው ማስደንገጥ ነው፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ልጅም ሆነ አዋቂ ማሰብ ያቆማል። ልጁ «ለምን ተራቡ?» ብሎ መጠየቅ እስከቻለ ድረስ ልኩን አላለፍንም። መጠየቁን ትቶ ሌሊት መባነን ከጀመረ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው።

፪

አሁን ወደ ሩሶ ፍርሃት እንምጣ። በእኛ አገር ልጅ ከጽሑፍ ጋር የሚተዋወቀው በአክብሮት ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ሀ ሁን ቆጥሮ፣ አቡጊዳውንና መልእክተ ዮሐንሱን አልፎ ዳዊት ሲደግም ወላጆቹ ደስ ብሏቸው ይደግሳሉ። በቁርአን ቤትም ሕፃኑ በሉሕ ላይ የተጻፈለትን ቃል በቃል ይይዛል። ይህ ትምህርት የራሱ ክብርና ጥቅም ያለው ነውና ልናጣጥለው አንነሣም። ችግር የሚመጣው ልጁ ያንኑ ዓይን ይዞ ወደ ጋዜጣ ሲሻገር ነው። ቅዱስ መጽሐፍ ሲያነብ «ይህን የጻፈው ሰው ተሳስቶ ይሆን?» ብሎ እንዳይጠይቅ የተማረ ልጅ፣ ጋዜጣ ሲያነብም አይጠይቅም። ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ቢሆን ብዙ አላዳነንም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ገልብጠን፣ ሸምድደን፣ ፈተና ላይ መልሰን ስንተፋ አይደል እንዴ እዚህ የደረስነው?

ውጤቱን በየቀኑ እናየዋለን። «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» ማለት በብዙ ሰው ዘንድ «እውነት ነው» ማለት ነበር። ዛሬ «ጋዜጣ» የሚለው ቃል ወጥቶ «ፌስቡክ» ወይም «ቴሌግራም» ገባበት እንጂ አነጋገሩ አልተለወጠም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል ያገሬ ሰው። ወረቀትስ የያዘውን ባይለቅ ተፈጥሮው ነው፤ ወረቀት ላይ ያገኘውን የማይለቅ አንባቢ ግን ከምሳሌው ውስጥ የቱ ስም እንደሚደርሰው ግልጽ ነው።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን የቆየው ትምህርታችን ሽምደዳ ብቻ አልነበረም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ቢቀርብ ማን ይሰማዋል? የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ መንገር አለበት። መምህሩም ቤት ያልመታውን፣ ሰሙና ወርቁ ያልተገናኘውን እየነቀሰ ያቃናለታል። በአንድምታ ትርጓሜም አንዱ ቃል «አንድም» እየተባለ በብዙ ወገን ይታያል። እንግዲህ አባቶቻችን ሠርቶ ማወቅንም፣ ነገርን ከሌላ ወገን ማየትንም ያውቁበት ነበር። ይህ ጥበብ ታዲያ ለምን ለደረሰ ተማሪ ብቻ ይቀመጣል? ለምንስ ከቅኔ ቤቱ ወጥቶ የዕለት ወሬ ላይ አይሠራበትም?

፫

ነገሩ ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀር አንድ የምናውቀውን ታሪክ እናንሣ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ይረግፍ ነበር። ያን ጊዜ ጋዜጦቹ አልተቋረጡም። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ይወጣ ነበር፤ ሬዲዮውም ይናገር ነበር። እንበልና አንድ የአሥር ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ በዚያ ዓመት ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር አንብቦታል። ምን ያውቃል? የማን ጉብኝት እንደተፈጸመ፣ የትኛው ሕንፃ እንደተመረቀ ያውቃል። በወሎ መንገድ ዳር የሚወድቀው ሰው ቁጥር ወደ ብዙ አሥር ሺህ እየሄደ መሆኑን ግን አያውቅም፤ ልኩን የሚነግረው አልነበረምና። ልብ በሉ፣ ልጁ ካነበበው ውስጥ አንዲትም ዓረፍተ ነገር ሐሰት ላትሆን ትችላለች። ውሸቱ የተቀመጠው ባልተጻፈው ውስጥ ነበር።

ነገሩን ያወጡት ሄደው ያዩ ሰዎች ናቸው። በዚያው ዓመት የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጥተው በግቢው ውስጥ አሳዩ። ቀጥሎም ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ቀርቦ ዓለም ሰማ።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ፊልሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የታየው ግን መጀመሪያ እንደ ተሠራው አልነበረም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ለውሻ ሥጋ ሲሰጥ የሚያሳይ ምስል ተሰክቶበት ነበር። ረሃቡ እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። አንዱን ከሌላው ጋር ያሰካካው እጅ ግን በማግስቱ ሊሠራ ያሰበው ሥራ ነበረው። ያው እጅ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር፣ የራሱን ዘመን ረሃብ ከሰው ዓይን አርቆት ነበር። የትናንቱን ዝምታ ያጋለጠ ሰው የራሱን ዝምታ ለማጋለጥ ዋስትና አይሆንም።

ከዚህ ታሪክ ልጅ ሊይዛቸው የሚችላቸው ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። ማን አየ? ማን ሳይጠየቅ ቀረ? ይህን ከዚያ ጋር የደረደረውስ ማን ነው? «ይህማ ለልጅ ይከብዳል» እንዳትሉን። ልጅ እኮ ወንድሙ «ብርጭቆው ተሰበረ» ሲል «ማን ሰበረው?» ለማለት የሚቀድመው የለም። «ተሰበረ» የምትለው ቃል ሰባሪውን እንደምትሸሽግ ሰዋስው ሳይማር ያውቃል። ያንኑ ልጅ አጠገባችን አስቀምጠን «ውሃ ተቋረጠ»፣ «ሰዎች ተገደሉ»፣ «ዋጋ ጨመረ» የሚለውን ርዕስ ብናነብለት፣ «ማን አቋረጠው? ማን ገደላቸው? ማን ጨመረው?» ብሎ ይጠይቀናል። መጠየቁን ያመጣው ከቤት ነው። እኛ የሚጠበቅብን ጋዜጣ ፊት ሲደርስ እንዳይጥለው ማድረግ ነው።

፬

«እሺ ይሁን፤ ግን ልጅን ጥርጣሬ ካስተማራችሁት ነገ በምንም የማያምን ሰው ይወጣዋል» የሚለን ይኖራል። ይህ ተቃውሞ የዋዛ አይደለም። በዙሪያችን «ሁሉም ውሸታም ነው» የሚል ወጣት ሞልቷል። ነገር ግን እሱን ሰው ቀርቦ ላየው በምንም አያምንም ማለት አይቻልም። ከጋዜጣ ያላመነውን ከሰፈር ያምነዋል። ሁሉም ይዋሻል ካሉ በኋላ የሚቀረው ምርጫ ከውሸታሞቹ መካከል የራስን ወገን መምረጥ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የሌላ አገርና የሌላ ዘመን ፎቶግራፍ «ዛሬ እንዲህ አደረጉን» እየተባለ በየስልኩ ይዞር ነበር። ያዞሩት ሁሉ ጅሎች አልነበሩም። ብዙዎቹ የሌላውን ወገን ወሬ በጥርጣሬ ዓይን የሚመረምሩ፣ የራሳቸውን ወገን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው የሚቀበሉ ነበሩ። ስልኩ የእናት ይሁን የአባት፣ ምስሉን አብሮ ያየው ልጅ ነው።

እንግዲህ የዋህ አማኝና ሁሉን ካጅ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ያላደረጉት ነገር አንድ ነው፤ ተነሥተው ሄደው አላጣሩም። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የተባለው ለዚህ ነው። መላ መጨመር ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ በምክር ብቻ አይመጣም። ልጅ ዋና የሚማረው ውሃ ውስጥ ገብቶ ነው። ወሬን መመዘንም ወሬ ሠርቶ እንጂ ሌላው የሠራውን በማንበብ ብቻ አይማረውም። የዚህች ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፤ ልጅን ከጋዜጣ ጋር የምናስተዋውቀው ትንሽ ጋዜጣ እንዲሠራ በማድረግ ይሁን።

ይህን በሥራ ያሳዩ ነበሩ። ሴለስተን ፍሬኔ የተባለ ፈረንሳዊ የገጠር መምህር፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ቆስሎ ብዙ መናገር የማይችል ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ለክፍሉ ትንሽ የማተሚያ መሣሪያ ገዛ። ልጆቹ ወጥተው ያዩትን ይጽፋሉ፣ የቱ ይታተም ብለው በድምፅ ይመርጣሉ፣ ከዚያ የእርሳስ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅመው ይደረድራሉ። ፊደል በእጁ የለቀመ ልጅ የታተመ ነገር ከሰማይ እንደማይወርድ ያውቃል። በዋርሶ ደግሞ ያኑሽ ኮርቻክ፣ የሕፃናት ሐኪምና የወላጅ አልባ ልጆች አሳዳጊ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ልጆች የሚጽፉበት ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረ። ከአንድ የአይሁድ ዕለታዊ ጋዜጣ ጋር እየተያያዘ ይወጣ የነበረው ይህ የልጆች ጋዜጣ የመጨረሻ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1939 ጀርመን ፖላንድን በወረረችበት ቀን ነው። ኮርቻክም እ.ኤ.አ. በ1942 ከሚያሳድጋቸው ልጆች ጋር ወደ ትሬብሊንካ ሄዶ እዚያው አብሯቸው ጠፋ። ልጅን እንደ ሙሉ ሰው ማድመጥ ለሱ የማስተማሪያ ዘዴ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ፈረንጅ ብቻ ጠራችሁ እንዳንባል ወደ አገራችን እንመለስ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ያየውን እንዳየው፣ የሰማውን ከማን እንደሰማው ለይቶ መናገር የዳጉ ወግ ነው። ሐሰት ያወራ ሰው በወገኑ ፊት ይጠየቅበታል። ወረቀትም ማተሚያም የለበትም፤ የጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር ግን ሙሉ በሙሉ አለበት። የአፋር ልጅ ይህን የሚማረው ከአባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ነው። ለከተማው ልጅ ይህን የሚያህል ትምህርት ማን ሰጠው?

፭

ታዲያ ምን እናድርግ? መልሱ ገንዘብ አይጠይቅም። በብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የሚባል ክበብ ነበር። ማይክሮፎኑ ይንጫጫል፣ ሰልፍ ላይ «ያውቁ ኖሯል?» ይባላል፣ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ዜና ይነበባል፣ ግጥም ይከተላል፣ ደወሉ ይደወላል። ስለ ሩቅ አገር ፕሬዚዳንት የምናውቀውን ያህል የራሳችን ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ለምን እንደተቆለፈ አናውቅም ነበር። ማይክሮፎኑ አለ፤ ልጆቹ አሉ፤ የጠፋው ጥያቄው ነው።

ስለዚህ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሁሉ፣ ታናሽ እኅት ወንድም ያለውም ሆነ የሰፈር ልጆች የሚያስጠና፣ በአንድ ገጽ ይጀምር። ልጆቹ ሳምንቱን ከሰፈሩ አንድ ነገር ይምረጡ፤ የቧንቧው ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የጉልት ቲማቲም ዋጋ ለምን እንደተለወጠ። ቢያንስ ሦስት ሰው ይጠይቁ፤ ከሦስቱ አንዱ በነገሩ የሚከሰሰው ሰው ይሁን። ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ይጻፉ። ከገጹ ግርጌ «እርማት» የምትባል ቦታ ይተው፤ ባለፈው ሳምንት የተሳሳቱትን እዚያ ያቅኑ። ከሁሉ የምትበልጠው ይህች ቦታ ናት። የራሱን ስሕተት በራሱ እጅ ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እውነት አድካሚ እንደሆነች ነገር ግን እንደምትገኝ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ልጅ በኋላ የፈለገ ሰው በቀላሉ አያታልለውም፤ «ሁሉም ውሸት ነው» ብሎም ተስፋ አያስቆርጠውም።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር ብናልፍ አድርባይነት ይሆናል። ልጆቹ የጉልቷን ሴት ሲጠይቁ ሁሉም ይስቃል። የቀበሌውን ሰው ሲጠይቁ ግን «ማን ላካችሁ?» ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውና ኢትዮጵያ በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅ ወሬ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማካፈል መብት አለው ይላል። ወረቀቱ ይህን ይበል እንጂ «ማን ላካችሁ?» ለሚለው ጥያቄ የሚቀርበው ሕጉ አይደለም፤ የላካቸው ትልቅ ሰው ነው። ልጅን ጠይቅ ብሎ ልኮ ሲቆጡት ከጀርባ የሚሰወር አስተማሪ፣ ጋዜጣውን ሸምድድ ከሚለው አስተማሪ የባሰ ነው። ሸምዳዱ ልጅ የሚቀርበት እውቀት ነው፤ የተከዳው ልጅ ግን መጠየቅ እንደማያዋጣ ይማራል፤ ይህንንም ትምህርት ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

ከዚህም ጋር መጀመሪያ የሚጠየቁት እኛው ነን። ልጁ «ማን አየ?» ማለት ከለመደ፣ ማታ ቤት ገብቶ እኛ ያወራነውን ወሬ ይመዝናል። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሌላው ብሔረሰብ፣ ስለ ሌላው ሃይማኖት በልበ ሙሉነት የምንናገረውን ሰምቶ «አንተ አይተሃል? ከማን ሰማህ? እነሱን ጠይቀሃል?» ይለናል። ያን ጊዜ ሁለት መንገድ አለን። አንዱ «ዝም በል፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ማለት ነው። ሌላው «አላየሁም፤ ሰምቼ ነው» ብሎ እውነቱን መናገር ነው። ልጅን ከጋዜጣ ጋር ማስተዋወቅ ያለብን ይህን ሁለተኛውን መልስ ለመስጠት ተዘጋጅተን ነው። ካልተዘጋጀን ግን ጋዜጣውን ለቆሎ መጠቅለያ ብናውለው ይሻላል።